ሦስተኛው ጥሪ

ለነገሩ እኔ ሣህሊቱ ድምፅ ማጉያ የሚያስፈልገኝ ሴት አልነበርኩም። ጎንደር ሳለሁ ከሰርግ ቤት በር ላይ ቆሜ «ግቡ! ግቡ!» ካልኩ፣ ያልተጠራው ሰው ሳይቀር ከማዶ ሰፈር ነጠላውን እያስተካከለ ይመጣ ነበር። ባሌ ታምሬ ሊያበሽቀኝ ሲፈልግ «እኔ አንችን ያገባሁት ጆሮዬ ገና ደህና ሳለ ነው» ይላል። እሱ ደግሞ ዝምተኛ ነው። ሱዳን ከተሻገርን ወዲህ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ የሞተርና የሎሪ ኤሌትሪክ ይሠራል፤ ሽቦ በጥርሱ እየላጠ ካጎነበሰ ቤቱ ቢቃጠል ቀና አይልም።

በሰባ ሰባት፣ በዚያ በክፉ ቀን፣ የእኔም ድምፅ አልበቃ አለ። ከወዲያ ከአገራችን ሰው በእግሩ እየነጎደ ድንበሩን ሞላው። በመንገድ ላይ እናት ከልጇ፣ ባል ከሚስቱ ተቆራርጧል። አንድ የእርዳታ ድርጅት ከኋላው የቆርቆሮ ጡሩምባ የተሰቀለበት ቀይ ሞተር ብስክሌት ሰጠንና በየመጠለያው እየዞርን የጠፋ ሰው ስም እንድንጠራ አደረገን። ታምሬ ይነዳል፤ እኔ ከኋላው ማይክ ይዤ እጮኻለሁ። ሱዳኖቹ ሴት ሞተር ላይ ተቀምጣ ስትለፈልፍ ሲያዩ ይስቁ ነበር። ይሳቁ! ስንቱን እናት ከስንቱ ልጅ አገናኝተናል። አንዱን ስም ሦስቴም አራቴም፣ ካሰኘኝ አምስቴም እጠራ ነበር፤ ማን ከልክሎኝ!

ወድ ኤል ሒለው የደረስን ዕለት ግን ከልካይ መጣብኝ።

ወድ ኤል ሒለው ከወንዝ ዳር ነው፤ የእኛን ተከዜ እዚያ ሰቲት ይሉታል። ወንዙ ጎድሎ፣ ሰው በዝቶ፣ ውኃው አልዳረስ ስላለ መጠለያውን ከፍለው ፋው ወደሚባል ሩቅ ቦታ ሊወስዱት ነው። ሎሪዎቹ ከዳር እስከ ዳር ተሰልፈዋል፤ ሰው ከማለዳ ጀምሮ ይጫናል። የሎሪዎቹ አለቃ ሱሩር የሚባል የገዳሪፍ ሰው ነው፤ ወፍራም፣ ሲጋራ ከከንፈሩ የማይለይ፣ ክፉ ያልሆነ ግን ችኩል። «ሀቡብ ሳይነሳ መውጣት አለብን» ይላል ደጋግሞ። ሀቡብ ያ ቀኑን ሌሊት የሚያደርገው የአቧራ ማዕበል ነው። ከያዘህ እጅህን ዘርግተህ ጣትህን አታያትም።

ገና ከሞተሩ ሳልወርድ አንዲት ሴት እግሬን ያዘችኝ። በላይነሽ ትባላለች፤ የበየዳ ሰው ናት። ድምፅ የላትም። ስትጣራ ከርማ ተዘግቷል፤ የሚወጣት ትንፋሽ ብቻ ነው። በትኩሳት ወድቃ ከሐኪሞቹ ድንኳን ስትገባ ልጇን ለአገሯ ሴት አደራ ሰጥታ ነበር። ስትነሳ ሴትዮዋም የለች፣ ልጅቱም የለች።

«ሉሉ ናት» አለችኝ። «ጥርሷን እየነቀለች ያለች ልጅ ናት፣ እታለም። ከሎሪ ላይ ጭነዋት እንደሁ እኔ እንጃ። እኔን ደግሞ ትኩሳት አለብሽ፣ አትጫኝም ብለውኛል። ልውጣና ልያት ብል ጠባቂዎቹ መለሱኝ።»

ነገሩ ገባኝ። ልጅቱ ከተጫነች ፋው ትሄዳለች። ፋው ደግሞ አንድ ሰፈር አይደለም፤ እዚያ ደርሶ ሰው ከተበተነ ወዲያ ማን የት እንደገባ ማን ያውቃል? እናትየው እዚሁ ትቀራለች። እንግዲህ ሎሪዎቹ ሳይነሱ ልጅቱን ማግኘት ነው፤ ሌላ መላ የለውም።

«ድምፅሽን ተይው» አልኳት። «የእኔ ለሁለታችንም ይተርፋል።»

ታምሬ ቁልፉን አዙሮ ሞተሩን አስነሳ። ማይኩን ወደ አፌ አስጠጋሁ።

«የበላይነሽ ልጅ፣ ሉሉ!»

ደገምኩት። ሦስተኛውን ልል አፌን ስከፍት ጡሩምባው ጭጭ አለ። መብራቱም ጠፋ። ሞተሩ ብቻ ከሥሬ ይንደቀደቃል።

ታምሬ ወርዶ ከመቀመጫው ሥር ፊውዟን አወጣት። የጣት አንጓ የማታህል የብርጭቆ ቧንቧ ናት፤ መሃሏ ላይ ፀጉር የመሰለ ሽቦ አለ። ሽቦው ተበጥሶ ብርጭቆው ጠቁሯል።

«ትናንት የጨመሩት ነው» አለ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ ገና ገዳሪፍ ሳለን፣ እኛ ዞር ባልንበት፣ የሱሩር ሰዎች ከሞተሩ ፊት ትልቅ የሎሪ ፓውዛ፣ ከሥሩ ደግሞ የሎሪ ክላክስ ገጥመውበት ነበር። ድርጅቱ ሞተሩን ለዚህ ጉዞ በሱሩር ሥር አድርጎታል፤ በአቧራ ውስጥ ፊት ፊት እየሄደ ሎሪዎቹን ይመራል ተብሎ ነው። አሳቡ ጥሩ ነው፤ አሠራሩ ነው እንጂ። ማጉያው፣ ፓውዛው፣ ክላክሱ፣ የሞተሩ የራሱ መብራት፣ ሁሉም አንዲት ቀጭን ሽቦ ላይ ተጠምጥመዋል። ለፓውዛው ማጥፊያ እንኳ አላደረጉለትም፤ ቁልፉ ከዞረ ይበራል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

«አንድ በር ነው» አለ ታምሬ። «አራት ሰው ባንዴ ልግባ ካለ በሩ ይሰበራል።»

«ታዲያ አንዱን አስወጣዋ! ያንን ጉድ ንቀለው!»

ሱሩር ሰማን። አማርኛውን ከእኛ ሰዎች ጋር በሰሊጥ ንግድ ነው የተማረው። «ላ፣ ላ! ፓውዛው ከተነቀለ ሞተሩን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ፤ አንች በእግርሽ ትጠሪያለሽ። በሀቡብ ሎሪ ከሎሪ ቢጋጭ፣ ያ ሁሉ ነፍስ! አንች ትጠየቂልኛለሽ፣ ያ ሲት?» አለኝ፤ እመቤቲቱ ማለቱ ነው።

እውነቱን ነው። ይበልጥ ያናደደኝም እሱ ነው፤ እውነት ያለው ሰው ላይ መጮህ አይጥምም።

ታምሬ ሌላ ፊውዝ ከተተና ወደ እኔ ዞረ። «ሁለቴ ብቻ» አለኝ።

«ምን ሁለቴ?»

«ሁለቴ ጠርተሽ ዝም በይ። ትብረድ። የምትቀልጠው ሦስተኛው ላይ ነው። ፊውዝ ብዙ አልያዝሁም።»

እኔን! ሰርግ ሙሉ ሰው የምጠራውን ሴት «ሁለቴ ብቻ»! ግን በፊውዝ ነገር ከታምሬ ጋር መከራከር ከድንጋይ ጋር መከራከር ነው። እሺ አልኩ።

እንዲህ እያልን ረፋዱን ዞርን። ሁለት ጠርቼ አፌን እይዛለሁ፤ ታምሬ ጥቂት ነድቶ ይቆማል፤ እንደገና ሁለት። የሉሉን ብቻም አይደለም፤ ሰው እየመጣ በጆሮዬ የሚነግረኝን ሁሉ በቃሌ ይዤ እጠራለሁ። «የጋረደው ወንድም፣ ዳምጤ!» ሁለቴ። «የማሬ አባት፣ ገሠሠ!» ሁለቴ። ከዚያ «የበላይነሽ ልጅ፣ ሉሉ!» ሁለቴ።

አቤት የሚል ጠፋ። በሌላው መጠለያ እንዲህ ሆኖብኝ አያውቅም፤ ስም ጠርቼ ገና ሳልጨርስ ሰው እየተንደረደረ ይመጣ ነበር። እዚህ አንድ እንኳ! ይልቁንስ ጡሩምባው ዝም ባለ ቁጥር አሮጊቶቹ ያማትባሉ። ወንዶቹ ፊታቸውን ያዞራሉ። ልጆቹ የአንገታቸውን ማተብ ጥርሳቸው ውስጥ ይከታሉ።

«ገጠሬ ማሽን ባየ ቁጥር ማማተብ ነው» አልኩት ለታምሬ ጀርባ።

ከአንዱ ሎሪ፣ በጣውላው ክፍተት፣ አንዲት ልጅ በአንድ ዓይኗ ታየኝ ነበር። ፊቷ አይታይም፤ ዓይኗና በጥርሷ የያዘችው ማተብ ብቻ። ደግመን በዚያው ስናልፍ አሁንም እዚያው ናት። «ምን ታፈጥጫለሽ?» አልኳት። ተናድጄ ነበር፤ ንዴቴ በእሷ አልነበረም። ዓይኗ እልም አለ። ከጎኗ ሴቶች ተደርድረዋል፤ የአንዷ ልጅ መስላኝ አለፍኩ።

ቀትር ሆነ። ሙቀቱ ከላይም ከመሬትም ይመጣል። በላይነሽ፣ ጠባቂዎቹ ከሎሪዎቹ እያራቋት፣ ከሩቅ ስትከተለን ቆይታ ጉልበቷ ከዳት፤ ወደ አንዲት የግራር ጥላ ስታዘግም አየኋት። ከደቡብ በኩል ሰማዩ ሥር ቡናማ መስመር ታየ። ሱሩር እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ መስመሩን ተመለከተና ፊቱ ጠቆረ። «ያላ! ጫኑ! ያላ!» እያለ በሎሪዎቹ መካከል ሮጠ። የመጨረሻዎቹን ሰዎች እየጎተቱ ይጭኑ ጀመር።

ታምሬን «ቆይ፣ ያቺን ሴት ውኃ ላጠጣት፣ አሁን ትወድቅብናለች» ብዬው በጣሳ ውኃ ይዤ ወደ ጥላው ሄድኩ። በላይነሽ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀምጣለች።

«በላይነሽ!» አልኩ ከሩቅ።

ዝም።

«በላይነሽ!» እንግዲህ የእኔ ድምፅ ነው፤ ወንዙ ማዶ ያለ ግመል አንገቱን አዙሯል። እሷ ግን አልተነቃነቀችም። ሞተች እንዴ ብዬ እርምጃዬን አፈጠንኩ።

«ኧረ በላይነሽ!»

ቀስ ብላ ዞረች። «አቤት» አለች በትንፋሿ።

ደሜ ፈላ። «ጆሮሽን ምን ነካው? ጉሮሮዬ እስኪላጥ ስጠራሽ!»

«ሰምቻለሁ።»

«ሰምተሽ ነው ዝም ያልሽኝ?»

«ሰው መሆንሽን በምን ልወቅ፣ እታለም?» አለች፤ ገርሟት እንጂ ለመመለስ ብላ አይደለም። «ቀትር ነው፤ አላየሁሽም። እኛ አገር ያላየሽው ሲጠራሽ፣ አከታትሎ ሦስቴ ካልጠራሽ አቤት አትይም። ጋኔን ሁለቴ ነው የሚጠራ። ሦስተኛውን አይደፍርም፣ ሦስት የሥላሴ ነው። ሁለት ጠርቶ ዝም ካለሽማ እሱ ራሱ ነው፤ አማትበሽ ማተብሽን መንከስ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።»

ውኃው ከጣሳው እየፈሰሰ እግሬን አረጠበኝ። እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፤ ይህን የሚነግር አያት አልነበረኝም።

«ለሉሉም ነግረሻታል?»

«ከጡቴ ጋር ነው ያጠባኋት» አለች በኩራት። ወዲያው ፊቷ ተለወጠ። እሷ ጠዋቱን ሙሉ እኔን እያየች ስለተከተለች ነገሩ አልታሰባትም ነበር። አሁን ታሰባት። ሁለታችንም ጡሩምባውን ዞረን አየነው፤ ፊት የሌለው የቆርቆሮ አፍ። ሁለት እየጠራ ዝም፣ ሁለት እየጠራ ዝም። እኛ ፊውዝ ስንቆጥብ ያ ሁሉ ሰው ጋኔን ሲያባርር ነው ያረፈደው!

ሮጥኩ። ነጠላዬ የት እንደወደቀ አላውቅም።

«ሦስት ያስፈልገኛል!» አልኩት ታምሬን።

«ፊውዟ አትችልም።»

«ሁለቴ የሚጠራ ጋኔን ነው ብለው ነው ዝም ያሉት! ሁሉም! ልጅቱም!» ነገሩን እያለከለክሁ ነገርኩት። ታምሬ ቀና አለ። ዓይኑን እንዲህ ከፍቶ ሲያየኝ ከሰርጋችን ወዲህ የመጀመሪያው ይመስለኛል።

«ያለችው አንድ ናት» አለ። «የመጨረሻዋ።»

«ትቀዝቅዝ እንዳትለኝ። ሰማዩን እየው!»

ቡናማው መስመር ግድግዳ ሆኗል። ሎሪዎቹ አንድ በአንድ ይነሳሉ፤ ጭሳቸው ዓይንን ያቃጥላል። ታምሬ የፓውዛውን ሽቦ ሊነቅል እጁን ሲዘረጋ ሱሩር መጣና እጁን ያዘው። «ምን ታደርጋለህ፣ ያ ኡስታ፣ አንተ ባለሙያ? አሁን ነው የምንነሳው! መብራቱን!» እኔ አልጠበቅኩም፤ ማይኩን አንስቼ ጮኽኩ፣ ከእነዚያ ሁሉ ሞተሮች በላይ ይሰማ ብዬ፣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ። አንድ። ሁለት። ሦስተኛው ከአፌ ወጣ፤ ከጡሩምባው ግን አልወጣም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ እኔ የምለቅመው እንኳ የለኝም።

በላይነሽ እየተንገዳገደች ደረሰች። ጡሩምባውን ብቻ ታያለች። ቢያንስ ብትሰድበኝ ምን ነበረበት።

«ይህ ነው ነገሩ?» አለ ሱሩር። የሲጋራ ፓኮውን አውጥቶ ከውስጡ ብርማውን ወረቀት ቀደደ። «ገዳሪፍ ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው!» የተቃጠለችውን ፊውዝ በወረቀቱ ጠቀለለና ታምሬ «አይሆንም!» እያለ መልሶ ሰካት። ፓውዛው ቦግ አለ። ሱሩር ክላክሱን ተጫነው፤ አገሩ ተናወጠ። «አየሽ? ጥሪ እንግዲህ!»

ማይኩን ሳነሳ ጎማ ጎማ ሸተተኝ። ከቤንዚን ጋኑ ሥር ቀጭን ጭስ ተነሳ። ታምሬ ሱሩርን በትከሻው ገፍቶ በባዶ እጁ ከጋኑ ሥር ያለውን ሽቦ ጨብጦ በጠሰው። ሽቦው ቀልጦ ነበር፤ ላስቲኩ ከመዳፉ ጋር ተጣበቀ። አልጮኸም፤ ጥርሱን ነክሶ እጁን አሸዋ ውስጥ ቀበረው።

ከዚያ ታምሬ ተናገረ፤ ለእሱ ይህ ረጅም ንግግር ነው። «ፊውዝ የሚቃጠለው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው፣ ሱሩር። ሽቦው የሚያልፈው ከቤንዚኑ ሥር ነው። ከላይ የተቀመጠችው ደግሞ ሚስቴ ናት።»

ሱሩር ከከንፈሩ ሲጋራውን አውጥቶ በእግሩ አጠፋው። ላብ ፊቱ ላይ ወርዷል። «መዓሊሽ» አለ ቀስ ብሎ። ይቅርታ ማለቱ ነው። «መዓሊሽ፣ ያ ኡስታ። ምን ላምጣ?»

«ፓውዛህ አይበራም ከእንግዲህ። የራሱን ሽቦ ግን እፈልገዋለሁ፣ ወፍራም ነው። ከባትሪው በቀጥታ ለማጉያው ለብቻው አስገባለታለሁ፤ ሌላ ማንም አይነካውም። የቸገረኝ ፊውዝ ነው። ያለ ፊውዝ አልሠራውም።»

ሱሩር የአቧራውን ግድግዳ አየ፤ በላይነሽን አየ። ከዚያ ወደ ራሱ ሎሪ ሄደ። የሎሪው ሬዲዮ ከልጆቹ ቀጥሎ የሚወዳት ነበረች፤ መንገዱን ሁሉ ዘፈን እየሰማ ነው የሚሄድ። ከሬዲዮዋ ጀርባ ትንሽ ፊውዝ ነቅሎ መጣ።

«አቧራው እዚያች ዛፍ ሳይደርስ መነሳት አለብኝ» አለ በእጁ እያሳየ። «ከዚያ በላይ አልችልም፣ ወላሂ።»

ታምሬ ፊውዟን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ አያት። «ግማሽ ናት» አለኝ ለብቻዬ። «የእኛ ከምትችለው ግማሹን ነው የምትችል።»

ቀኝ እጁ አይሠራም። ሽቦውን እኔ ያዝኩ፤ «ላጪው» ሲለኝ በጥርሴ ላጥኩት። የጎማው ጣዕም እስከ ዛሬ ምላሴ ላይ አለ። አንዱን ጫፍ ከባትሪው፣ ፊውዟን በመካከል፣ ሌላውን ጫፍ ከማጉያው። መመለሻውንም ሽቦ ከሞተሩ ብረት ነቅሎ በቀጥታ ከባትሪው ጋር አሰረው፤ ብረቱ ቀለም ስለተቀባ ነው አለኝ። ልቤ ዛፏ ጋ ነው። ነፋሱ ቀድሞ ደርሷል፤ አሸዋው እግራችንን ይገርፋል። «ቶሎ በል» አላልኩትም። በትዳራችን ዘመን ዝም ያልኩበት ረጅሙ ጊዜ እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ጨረሰ። ማይኩን ሲሰጠኝ ግን አልለቀቀውም። «አትጩሂ» አለኝ።

«ምን?»

«በጮኽሽ ቁጥር ማጉያው ብዙ ኮረንቲ ይስባል። በቀስታ ተናገሪ፤ ለጡሩምባው ተይለት።»

«በዚህ ሁሉ ጩኸት ውስጥ በቀስታ?»

ሱሩር ወደ ሎሪዎቹ ዞሮ ሁለት እጁን አነሳና ወደ ታች ጣላቸው። የመጀመሪያው ሎሪ ሞተሩን አጠፋ። ቀጣዩም። ከዳር እስከ ዳር ጸጥ አለ፤ የሚሰማው ነፋሱና የሸራው መርገፍገፍ ብቻ ሆነ።

በላይነሽ ከእግሬ ሥር ተንበርክካለች። ታምሬ ግራ እጁን ጉልበቴ ላይ አደረገ። ሕፃን እንደማስተኛ አድርጌ ማይኩ ውስጥ ተነፈስኩ።

«የበላይነሽ ልጅ፣ ሉሉ።»

ድምፄ በሎሪዎቹ ላይ ሄደ። የእኔ አልመስል አለኝ።

«የበላይነሽ ልጅ፣ ሉሉ።»

አንዲት አሮጊት ከሎሪው ላይ ስታማትብ አየኋት። ድምፄ ሊያመልጠኝ ፈለገ፤ ጩኸቱ ደረቴ ውስጥ ሞልቶ ይገፋኛል። የታምሬ ጣቶች ጉልበቴን ጠበቅ አደረጉት። ፊውዟን አላየሁም። ዛፏንም አላየሁም። ያ ሁሉ ሰው ትንፋሹን ይዞ የሚጠብቅ መሰለኝ።

«የበላይነሽ ልጅ፣ ሉሉ።»

ሦስተኛው ከጡሩምባው ወጣ።

ከዚያ ከሎሪዎቹ መካከል፣ እንደ ጫጩት የቀጠነች ድምፅ፣ «አቤት!»

የት እንደሆነ አወቅኩ። ያ ጣውላ፣ ያ ዓይን። «እዚያ! እዚያ!» ብዬ ማይኩን ጥዬ ጮኽኩ። ሱሩር ራሱ ሮጦ የሎሪውን በር ጣለ። ሴቶቹ ልጅቱን እየተቀባበሉ አወረዷት። ፊት ጥርሷ የወለቀ፣ እግሯ በአቧራ ነጭ የሆነ፣ ማተቧ በምራቅ የራሰ ልጅ ናት። በላይነሽ መነሳት አልቻለችም፤ በጉልበቷ ሄደች። ድምፅ የላትም፤ አፏን ከፍታ ያለ ድምፅ ታለቅሳለች። ልጅቱ አንገቷ ሥር ገባች።

እኔም አለቀስኩ፤ ምን አፍራለሁ። ሱሩር ፊቱን አዙሮ ያልተለኮሰ ሲጋራ ነከሰ።

ልጅቱ ከእናቷ ትከሻ ላይ ሆና ታየኝ ጀመር፤ አሁን በሁለቱም ዓይኗ። ስታፈጥጥብኝ የዋለችውን ያህል ስታጤነኝ ቆየችና ጠየቀችኝ።

«ለምን ሁለቴ ብቻ ትጠሪኝ ነበር? እኔ እኮ ሦስተኛውን ስጠብቅ ነው የቆየሁት።»

ከጠዋት ጀምሮ! ጣውላው ሥር ተንበርክካ፣ ማተቧን ነክሳ፣ ሁለት ስሰጣትና ሦስተኛውን ስከለክላት። ደግሞ እሷ ብቻ አይደለችም። ዳምጤ አለ። ገሠሠ አለ። ያን ሁሉ ስም በቃሌ ይዤዋለሁ።

ዞር ብዬ አየሁ። አቧራው ዛፏን ውጧታል፤ ወደ እኛም እየመጣ ነው። ሱሩር የሞተውን ፓውዛ በጫማው ነካ አደረገው። «ኸላስ፣ በቃ» አለ። «በዚህ አቧራ ያለ መብራት የትም አልሄድም። እስኪያልፍ እንቆያለን።» ከዚያ ማይኩን ከመሬት አንስቶ አሸዋውን በጀለቢያው ጠረገና ሰጠኝ። «ጥሪያቸው፣ ያ ሲት።»

«ትችላለች?» አልኩት ታምሬን።

ፊውዟን በግራ እጁ ጣት ነካት። «ካልጮኽሽ» አለ።

በአካባቢው ያለው ሰው ሸማውን ተከናንቦ ጎንበስ አለ። የበላይነሽን ነጠላ ጫፍ ተውሼ ማይኩን ከአሸዋው ከለልኩት። የመጀመሪያው አቧራ ሲነካኝ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«የማሬ አባት፣ ገሠሠ» አልኩ በቀስታ። «የማሬ አባት፣ ገሠሠ። የማሬ አባት፣ ገሠሠ።»

ከሩቅ፣ ከመጨረሻው ሎሪ፣ የሽማግሌ ድምፅ «አቤት» አለ። «አቤት! እዚህ ነኝ! ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ነኝ!»